«እኔን!» ያለኝ ሰፈር

እህት ዓለም፣

እዚህ ሰፈር የማይሰማ ቋንቋ የለም። ዛሬ ፀጉር ቤት ስገባ የበሩ ደፍ አደናቅፎኝ ልደፋ ስል፣ ቤት ሙሉ የማላውቀው ሰው ባንድ አፍ «እኔን!» አይለኝ መሰለሽ!

«አማርኛ ከየት አመጣችሁ?» ብዬ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ብጠይቅ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሳቀ።

«የሰፈራችን ቃል ነው እንጂ! ድሮ ፎቁ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሰው በተደናቀፈ ቁጥር በመስኮት እንዲህ ትል ነበር። እሷ ካረፈች ቆየች። ‹ቀስ በል› ማለት አይደል?»

«አይ፣ ባንተ ፈንታ እኔን ይድፋኝ ማለት ነው።»

መቀሱን አስቀመጠ። «ለካ ስንቴ ወድቃልናለች!» አለ።

እኛ ጋ እንኳ አሁን አሁን ማን ይለዋል?

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እማዬን ሳሚልኝ። የተሰበረው እግርሽስ ተሻለው? እኔን!