በአማቴ መስኮት ሥር ስላላለፉት አሥራ አንድ ሸሚዞች

ለከተማችን የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎም፣ የተከበሩት ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ እንዲሁም በደጃችን በቆመች ቁጥር ሞተሯ ጠፍቶ የማያውቀው የቢሮዎ መኪና ሁላችሁም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን። አማቴ እንደ ወትሯቸው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው መንገዱን ይመለከታሉ፤ ልጄ ሥራ ውላ ትገባለች፤ እኔም ከስፌት መኪናዬ ጋር ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ ያወጣሁት በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው። ወረቀት እንዳይባክን አስበው መልስ ከመጻፍ እንደተቆጠቡ ስለሚገባኝ በዛፎች ስም አመሰግንዎታለሁ። አማቴ ያነቡታል ብለው አይስጉ፤ ሩቁን እንደ ወጣት ቢያዩም ፊደል ለማንበብ ዓይናቸው አይረዳቸውም፤ ጎረቤቶቻችንም ላይነግሯቸው ቃል ገብተውልኛል።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ራሴን ላስተዋውቅ። እኔ በቤቴ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር ሴት ነኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ከሁለት ዓመት በፊት አረፈ። እናቱ፣ ማለትም አማቴ፣ ከእኔና ከልጄ ጋር ይኖራሉ፤ ጉልበታቸው ስለደከመ ከቤት አይወጡም። ክቡርነትዎም ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ተማሪ ሳሉ ጠዋት ጠዋት የሚሳፈሩት በባለቤቴ አውቶቡስ ነበር፤ ሲያረፍዱም ትምህርት እንዳይቀሩ ፌርማታው ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቅዎ ነበር። ተሳፋሪው ሲያጉረመርምበት፣ ነዳጁም አይባክን ልጁም አይቅር ይል እንደነበር፣ ለቅሶ የደረሱን ዕለት የነገሩን እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ «አካባቢን መጠበቅ ከጓዳ ይጀምራል» የሚለውን ዘመቻ ይዘው ሲመጡ ዓይናችንን ጨፍነን ተከተልንዎ። ልብስ ያጠብንበትን ውሃ በባልዲ አጠራቅመን ለሽንት ቤት አዋልን። ሰው የሌለበትን ክፍል መብራት አጠፋን። ሁለት ፌርማታ ለማይሞላ መንገድ ታክሲ መያዝ ተውን። ቆሻሻውን የሚበሰብስ፣ ወረቀት፣ ፕላስቲክ ብለን በሦስት ቅርጫት ለየን። ልጄ ገላዬን ስታጠብ አምስት ደቂቃ ካለፈኝ በሩን እየቆረቆረች ታዋርደኝ ጀመር። መሥሪያ ቤቷ ወደ ሌላ ከተማ ሲልካትም፣ በአውሮፕላን ሂጂ እየተባለች፣ ውሃዋን በኮዳ ይዛ ዘጠኝ ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ ወገቧን ይዛ ተመለሰች። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ዛሬም አልተውነውም። ቅሬታዎቼ ግን የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ስለ ፌስታሎቹ። አማቴ ዕድሜ ልካቸውን አንድ ፌስታል ጥለው አያውቁም። አጥበው፣ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቅለው፣ ሲደርቅ በአራት አጥፈው ፍራሻቸው ሥር ያስቀምጡ ነበር፤ አንዳንዱ ፌስታል የልጄን ዕድሜ ይበልጣል። የቢሮዎ ተቆጣጣሪ መጥታ፣ ፍራሹን ገልጣ፣ ፌስታል የአካባቢ ጠላት መሆኑን በጨዋ ደንብ አስረድታ፣ ሁሉንም በአንድ ትልቅ አዲስ ፌስታል ጠቅልላ ወሰደችው። አማቴ ለካ እስከ ዛሬ የተኛሁት ጠላት ላይ ነው ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ያኔ ገና እናምንዎ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ሸሚዞቹ። ፌስታሉ ሲቀር ሰው ዕቃውን በምን ይያዝ የሚለው ጥያቄ በተነሣ ጊዜ፣ ክቡርነትዎ ራስዎ ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ለሰፈራችን ገበያተኛ የሚታደል መቶ ሃያ የጨርቅ ቦርሳ በበጎ ፈቃድ እንድሰፋ ጠየቁኝ። ደስ አለኝ። ከየጎረቤቱ አሮጌ መጋረጃና አንሶላ ለቅሜ ሰፋሁ፤ መቶ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ጨርቁ አለቀ። ሥራውን ሊያዩ በመጡ ዕለት፣ በግማሽ በተከፈተው ቁም ሣጥን ውስጥ የባለቤቴን የሥራ ሸሚዞች አዩ፤ አሥራ አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ እያንዳንዱ የደረት ኪስ ያለው።

እነዚያን ሸሚዞች ከእኔ ይልቅ የሚጠብቋቸው አማቴ ናቸው። በየሳምንቱ ያናፍሷቸዋል፤ ሰው ያላየ ሲመስላቸውም ያሸቷቸዋል። እርስዎ ግን አጠገባቸው ተቀምጠው፣ እጃቸውን ይዘው፣ ሰው ሁሉ የማን እንደሆኑ እንዲያውቅ ኪሳቸው ሳይነሣ እንደሚሰፉ፣ ቦርሳዎቹም በዚህ መንገድ ጠዋት ማታ ሲመላለሱ ከዚህ መስኮት እንደሚያዩአቸው ነገሯቸው። ልጅዎ እንደገና ሥራ እንደጀመረ ይቁጠሩት አሏቸው። በቃልዎ ላይ አልጨመርኩም፣ ከቃልዎም አልቀነስኩም።

አማቴ ሦስት ቀን አሰቡ። በአራተኛው ቀን ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አምጥተው የስፌት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ቁልፎቹን ራሳቸው በምላጭ ፈትተው በቆርቆሮ ጣሳ አጠራቀሙ። መቀሱን አንሥቼ መልሼ ሳስቀምጥ አይዞሽ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

ክቡርነትዎ ቦርሳዎቹን በወሰዱ ማግስት አማቴ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። አንድ ወር ሆነ፤ ሁለት ወር ሆነ። ሥራዬን ስሰበስብ፣ ዛሬም አላለፈም እኮ ይሉኛል። ቦርሳው አይሉም፤ አላለፈም ነው የሚሉት። እኔም ቢሮው ሥራ በዝቶበት ነው፣ በዚህ ሳምንት ያድላሉ እያልኩ ዋሸኋቸው። ክቡር ሆይ፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመት አሮጊት ፊት ውሸታም ሆኖ መቆም ምን እንደሚመስል ማስረዳት ይከብደኛል፤ ልምዱ ስላለዎት ግን ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ሦስተኛ፣ ስለ በሩ። አንድ ቀን ልጄ ከሥራ ስትመለስ በስልኳ ፎቶግራፍ አሳየችኝ። ስለ ቤተሰብ ትንንሽ ልማዶችና ስለ ንጹሕ ጉዞ በጠሩት ትልቅ ስብሰባ ላይ፣ ከየአገሩ በአውሮፕላን የመጡ እንግዶች ፈገግ ብለው ቆመዋል። የእኔን ቦርሳዎች ይዘዋል። እያንዳንዱ ቦርሳ አቧራ እንዳይነካው ለየብቻው በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ታሽጓል፤ በፕላስቲኩ ውስጥ የባለቤቴ ኪስ ይታያል። 

በማግስቱ ስብሰባው ወደተካሄደበት አዳራሽ ሄድኩ። በምክርዎ መሠረት ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ፣ አውቶቡስ የማይደርስበትን ቀሪውን መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሬ ተጉዤ ነው የደረስኩት። በሩ ላይ በእግር መሄድ ለጤናም ለአየርም እንደሚበጅ የሚመክር ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከሰሌዳው ሥር የቆመው ጥበቃ ደግሞ የእግረኛ መግቢያ እንደሌለ፣ መለያ የተለጠፈበት መኪና ብቻ እንደሚገባ በትሕትና ነገረኝ። ሰውዬው ልቡ መልካም ነው። ላቤን አይቶ ውሃ ሰጠኝና፣ ስብሰባው ትናንት ማለቁን፣ የተረፈውም ዕቃ በጓሮ በኩል መውጣቱን ሹክ አለኝ።

አራተኛ፣ ስለ ጓሮው። አጭር አደርገዋለሁ። አጥሩን ዞሬ ስደርስ ሦስቱ ባለቀለም ቅርጫቶችዎ አምረው ተደርድረዋል፤ ባዶ ናቸው። ቆሻሻው ሁሉ አጠገባቸው አንድ ላይ ተከምሯል። ቆሻሻ መለየት ስላስተማሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ትምህርቱ እንደዚያ ቀን አገልግሎኝ አያውቅም። ተንበርክኬ የሚበሰብሰውን ወደዚህ፣ ወረቀቱን ወደዚያ ስለይ፣ የባለቤቴን አምስት ሸሚዞች አገኘሁ። አራቱ ከነማሸጊያቸው፣ ሳይከፈቱ ነው የተጣሉት። አምስተኛው ተከፍቶ ነበር፤ ስለ እሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ። የቀሩትን ስድስቱን እንግዶቹ ይዘዋቸው ሄደዋል ብዬ አስባለሁ። ባለቤቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሲያመላልስ ኖሮ አንድም ቀን አውሮፕላን ሳይሳፈር ሞተ፤ ሸሚዞቹን ስላንሸራሸሩልን ውለታዎን አንረሳም።

ስለ ንግግርዎ አምስተኛ ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ቦርሳዎቹ በማኅበረሰቡ ተነሣሽነት እንደተሠሩ መናገርዎን ልጄ አንብባልኛለች። ማኅበረሰቡ እኔ ነኝ። ወገቤን ያመኛል፤ ሌላው ደህና ነው።

ቤት እንደደረስኩ ቦርሳዎቹን አጥቤ በረንዳ ላይ ሳሰጣ፣ አማቴ ግድግዳውን ይዘው መጡ። የአምስቱንም ኪስ አንድ በአንድ ዳሰሱ። የት እንደነበሩ ጠየቁኝ፤ ለመታጠብ ነው የመጡት አልኳቸው። አመኑኝ። ከሁሉ የከፋብኝ ይህ ነው፣ ክቡር ሆይ፤ አመኑኝ።

በማግስቱ አራቱን ለአራት ጎረቤቶች ሰጥቼ ጠዋት ጠዋት በቤታችን ፊት ይዘው እንዲያልፉ ለመንኳቸው። መጀመሪያ ያለፈችው ዳቦ ሻጯ ናት። አማቴ ግድግዳ ሳይዙ፣ ሰው ሳይደግፋቸው ከወንበራቸው ተነሥተው መስታወቱን በመዳፋቸው መቱ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይቆጥራሉ፤ አራት ይሉኛል። ቁልፎቹን የፈቱት ራሳቸው ስለሆኑ አሥራ አንድ መሆናቸውን ያውቃሉ። ሌሎቹስ ሲሉኝ፣ መንገድ ተዘጋግቶባቸው ነው እላለሁ።

የምለምንዎ ነገር ትንሽ ነው። የይቅርታ ደብዳቤ አልፈልግም፤ ያው ወረቀት ነው። ስድስቱን ከየአገሩ ያስመልሱልኝ አልልም፤ ለእያንዳንዱ አንድ ልዑክ በአውሮፕላን እንዳይልኩ እፈራለሁ። አንድ ጠዋት ብቻ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል፣ ድሮ አውቶቡስ ይሳፈሩበት በነበረው ሰዓት፣ መኪናዋን ቤትዎ ትተው በእግርዎ ይምጡ። አምስተኛውን ቦርሳ ከእኔ ተቀብለው በመስኮታችን ሥር ይለፉ። መቆምም፣ ቀና ማለትም፣ ንግግር ማድረግም አይጠበቅብዎትም። አማቴ አምስት ይላሉ፤ እርስዎም ወደ ሥራዎ ይሄዳሉ።

ጤናዎ ይጠበቅ፣ ሥልጣንዎ ይርዘም፣ የቢሮዎ አየርም ሁልጊዜ ንጹሕ ይሁን እያልኩ፣ ባልዲዬ ሳይፈስ፣ መብራቴ ሳይበራ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ያስተማሩኝን ሁሉ የማደርገው፣ የሚነግሩኝን ሁሉ አምን የነበርኩት፣
የአውቶቡስ ሹፌሩ ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአምስተኛው ቦርሳ የደረት ኪስ ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ በአንገት የሚንጠለጠል፣ ስምና ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ አግኝቻለሁ። ስሙም ፎቶግራፉም የእርስዎ ነው። ካርዱን ወደ ቢሮዎ ልኬዋለሁ፤ በፕላስቲክ ተሸፍኗልና እኔና እርስዎ ካለፍንም በኋላ ይኖራል። ለአማቴ አላሳየኋቸውም። እሳቸው እስከ ዛሬ እርስዎን የሚያውቁዎት ልጃቸው ሞተር አጥፍቶ የሚጠብቀው ተማሪ አድርገው ነው፤ ትናንትም ያ ልጅ ደህና ነው ወይ ብለው ጠይቀውኛል።