«እርስዎ ይቅደሙ» ስትባባሉ ስለሰመጠችው መኪና

ለክቡር አቶ ጌታቸው፣ እዚህ በዐረብ አገር በፋይሰል ሰፈር የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀ መንበር፣ በቤት ውስጥ ደግሞ አባቴ፤

ጤናዎ እንደ አዲሷ የበረሃ መኪናዎ ጎማ የጠነከረ፣ ወገብዎም ከዓርቡ መንገጫገጭ ያገገመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። በማኅበሩ ግሩፕ ላይ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ እቤት ስናገር ቴሌቪዥኑን ከፍ ስለሚያደርጉት ነው።

አንደኛ፣ መኪናዋ በተገዛች ሳምንት ስላደረጉላት ዝግጅት ላመስግን። ጣሪያዋ ላይ የሰርግ አዳራሽ የሚያደምቅ መብራት ተደረደረ፤ ከመሪው ፊት ዘርፍ ያለው ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ጥሩምባዋ መርከብ ያስደነግጣል። አካፋና መጎተቻ ገመድ ግን ሻጩ እየለመነዎት «ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ እኛ ገበሬ አይደለንም» ብለው ተዉት።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ዓርብ እማዬን፣ የማኅበሩን ሽማግሌ አቶ ወልዴንና እኔን ጭነው ገዳም ሊያሳልሙን ሲወጡ፣ አስፋልቱ እስከ ዋዲ ናጥሩን ገዳም ድረስ እያለ፣ ትፈተን ብለው ወደ አሸዋው ስላስገቡን። አሸዋ ላይ የጎማ አየር ይቀነሳል ብል «ልጅ በሽማግሌ መሃል አይገባም» ተባልኩ። ወዲያው ሁላችንም ገባን።

ሦስተኛ፣ ጎማው መስመጥ ሲጀምር ሸክሙ እንዲቀል ውረዱ ተባለ። እርስዎ ለአቶ ወልዴ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ አቶ ወልዴ ለእርስዎ «ኧረ በሞቴ፣ ከሊቀ መንበር ፊት!» ስትባባሉ፣ መኪናዋ ማንንም ሳትጠብቅ እስከ በሯ ወረደች። በመጨረሻ በመስኮት ወጣችሁ፤ እሱንም በዕድሜ ቅደም ተከተል። አንድ የበረሃ ዐረብ ባረጀች ፒክአፕ ጎትቶ ሲያወጣን «እየፈተንናት ነበር» አሉት። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

አራተኛውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። እማዬ ዶኪ ሰፈር ተቀጥራ የምትጠብቃቸው አሮጊት፣ እሷ ከአሸዋው እስክትመለስ እስከ ምሽት ብቻቸውን ቀርተው፣ ውሃ ሊቀዱ ሲነሱ ወደቁ። አሠሪዋ መዳም «አንዴ ከደገምሽ ኸላስ፣ ሥራሽ አበቃ» አለቻት። እማዬ ግን እስከ ዛሬ ለጠየቃት ሁሉ «ታክሲ አጥቼ ነው» ትላለች። የእርስዎን ኀፍረት እሷ እያፈረችልዎት ነው፤ የተረፈውን ደግሞ እኔ።

አሁን ለሚመጣው ዓርብ ሁለተኛ ጉዞ ጠርተዋል፤ የሊቀ መንበር ሚስትም ልትቀር አይገባም ብለዋል፤ እሷም እምቢ አትልዎትም። እንግዲህ ወይ በአስፋልቱ ይውሰዷት፣ ወይ ይተዉልን። ሥራዋ እንደ መኪናዋ ተጎትቶ አይወጣም።

በስምዎ እስከተጠራሁ ድረስ አንገቴን ደፍቼ፣ የጣሪያዎ መብራት ከሩቅ ያሳወቀኝ፣
ታዛዥ ልጅዎ ቤቴል ጌታቸው

ማስታወሻ፦ አባዬ፣ መጎተቻ ገመድ ከኋላ ወንበር ሥር አስቀምጬልሃለሁ። ያ የበረሃ ዐረብ ሲሰናበተን የሰጠኝ ነው፤ «አባትሽን አይቼዋለሁ፣ ይመለሳል» ብሎ።