ከዘይነባ ቀጥሎ

ሰኞ፣ ኅዳር 5

እማዬ ትናንት ማታ አልገባችም። ዛሬ ጧት ነው ዱቄቷን ተሸክማ የመጣችው። ቀበሌ ውስጥ አሳድረዋታል። ጥፋቷ ሰዓት እላፊ። ሰዓት እላፊ ያስያዛት ደግሞ ወፍጮው ነው። ጧት የተሰለፈች ሴት፣ ሌላው ሁሉ አስፈጭቶ ሲያበቃ፣ ጨለማ ሲወርድ ነው የሚፈጭላት። ለምን? ነገደ ወይጦ ስለሆን። ከእኛ እህል በኋላ የገባ እህል ይረክሳል ይላሉ። ጉዱ ሁሉ ወፍጮው ውስጥ በምትቀረው እፍኝ ዱቄት ነው። አያቴ አባባ በወጣትነታቸው ጉማሬ በሉ ተብሎ እኔን ይጸየፉኛል። እኔ ጉማሬ ጣና ላይ ከሩቅ እንጂ ቀርቤ አይቼ አላውቅም።

እማዬ አላለቀሰችም። «ብርድ ነበር» ብቻ አለች። ያለቀስሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ከንዴት። ነገ ትምህርት ቤት አልሄድም። ቀበሌ ነው የምሄደው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

ሄድሁ። ከሊቀመንበሩ ጀርባ መፈክር ተሰቅሏል፤ «ጭቁን ሕዝቦች ሁሉ እኩል ናቸው» ይላል። ጮክ ብዬ አነበብሁለት። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኼ ወፍጮ ቤቱንም ይጨምራል?» አልሁት።

የእማዬን ነገር ሁሉ አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ጠረጴዛውን በጡጫ መታና ካፖርቱን አንሥቶ ወጣ። እውነቱን ልጻፍ፤ የዚያን ሰዓት ወደድሁት። ወፍጮ ቤት ድረስ አብሮኝ ሄዶ ፈጪውን አያ ይግዛውን «ከዛሬ ጀምሮ በተራ! ማንም ይሁን ማን!» አለው። እማዬ መልእክት ልኬባት ጥቂት እህል ይዛ መጥታ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ አስፈጨች። በጠራራ ፀሐይ!

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ከኋላዋ የነበሩት ሴቶች ስልቻቸውን እያነሡ ወጡ። የመጨረሻዋ እትዬ ስንዱ ነች፤ የዘንድሮውን የሚካኤል ዝክር የምትደግሰው። «እቤቴ ድንጋይ አለኝ፤ በእጄ እፈጫለሁ እንጂ ከወይጦ ቀጥሎስ አላስፈጭም!» አለች።

እማዬ የዱቄቷን አፍ እየቋጠረች «ድንጋዩን ማን ጠርቦ ሰጠሽ?» አለቻት።

የዚህን አገር የእጅ ወፍጮ የጠረቡት የእኛ ሰዎች ናቸው፤ የዚህን ሰፈር ደግሞ አብዛኛውን አባባ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ወፍጮ ቤቱ ባዶውን ዋለ። ሊቀመንበሩ እማዬንና እኔን አስጠራን። ፊቱ በርቷል። መላ አግኝቷል! ሐሙስ ሐሙስ ወፍጮው ለእኛ ብቻ ይሆናል። ግፊያ የለ፣ ስድብ የለ፣ በጊዜ ቤታችሁ ትገባላችሁ አለን። ስጦታ የሰጠን መስሎታል፤ ምስጋና ይጠብቅ ነበር።

እማዬ «እኔ ቀን አልለመንሁም ጓድ። ተራ ነው የጠየቅሁ» አለችው።

ብርሃኑ ከፊቱ ጠፋ። «ቀበሌው ወስኗል። ውሳኔ የሚቃወም ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?»

ታውቃለች። እንዲያ ተብሎ ተወስዶ ያልተመለሰ ጎረቤት አለን። በመንገዳችን ላይ እጇን ያዝሁት፤ ቀዝቅዟል። «እና ነገስ?» አልኋት። «ነገ ማንም አይሄድም» አለች። ሳይመሽ በየቤቱ እየዞረች ለእኛው ሴቶች ሁሉ ነገረቻቸው። ፈራሁ። የሷ ልጅ በመሆኔ ግን ኮራሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ከሰፈራችን አንድም ሰው አልሄደ። የወፍጮው ሞተር እስከ ሐይቁ ዳር ይሰማል። ናፍጣውን እየበላ ለማንም ሳይፈጭ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ።

ረፋዱ ላይ በራችን ላይ አህያ ቆመ። ከአህያው ኋላ ማን ብትመጣ ጥሩ ነው? እትዬ ስንዱ! የእጅ ወፍጮዋን ጭና። የሞተሩ ወፍጮ ከመጣ ወዲህ ማን ነክቶት፤ ድንጋዩ ለስልሶ እህሉን ያንሸራትታል እንጂ አይፈጭም። መወቀር አለበት። የሚወቅሩት ደግሞ አባባ ናቸው።

«ይወቅሩልኝ፣ አባ እድሪስ» አለች። አንቱ አለቻቸው! እስከ ዛሬ «አንተ ሽማግሌ» ነበር።

አባባ ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «የእኔው ሥራ ነው። እወቅርልሻለሁ ልጄ፤ ግን በተራ። የዘይነባ ይቀድማል» አሉ። ዘይነባ እማዬ ነች።

እትዬ ስንዱ የደንገል ምንጣፋችን ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። አባባ የእኛን ድንጋይ ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው ወቀሩ። ከዚያ በዚያው መሮ የሷን ጀመሩና ቆም አሉ። «መሮውን ልጠበው እንዴ?» አሏት። ፊቷ ቀላ። «ግዴለም» አለች። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ጓዳ ገባሁ።

ስመለስ ውሃ ይዤላት መጣሁ፤ በታጠበ ጣሳ። «ጾም ነኝ» አለችኝ። በሐሙስ! የጽጌ ጾም እንኳ አልቋል። ጣሳውን እንደያዝሁ ቆምሁ። ይኼኛው አላሳቀኝም።

አባባ ድንጋዩ ለቅዳሜ ይደርሳል አሏት። ሚካኤል ሰኞ ነው። ቅዳሜ በእጅ ፈጭቶ፣ አቡክቶ፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል ጠብቆ ለሰኞ ማድረስ የማይሆን ነገር ነው። ድንጋዩን ትታ ሄደች።

ዓርብ፣ ኅዳር 9

እማዬ በተሰጣት ቀን ሳይሆን በራሷ ቀን፣ ዛሬ ጧት ስልቻዋን ተሸክማ ሄደች። እኔም ኋላዋ። ወፍጮው ትናንት ባዶውን ዞሮ ጠርቷል ብለው ሴቶች ቀድመውን ተሰልፈዋል። ከእነሱ ቀጥላ ቆመች። ከእኛ በኋላ የመጡት ራቅ ብለው በግድግዳው ጥግ ቆሙ እንጂ ከኋላችን የተሰለፈ የለም።

አያ ይግዛው «ዘይነባ፣ ቀንሽ እኮ ትናንት ነበር» አላት።

«ቀኔ ዛሬ ነው» አለችው።

አንዷ «አብዮት ጠባቂ ጥሩ!» ብላ ጮኸች። ሁለተኛ ቢያስሯት ምን ይዋጠኝ?

በዚህ መኻል እትዬ ስንዱ ጤፏን በአህያ ጭና መጣች። ሰልፉን አየች፤ በእኛና በግድግዳው መካከል ያለውን ባዶ ቦታ አየች። ከፊት ያሉት «ስንዱ፣ የሚካኤል ነው፣ ነይ ከፊት ግቢ» አሏት። ስልቻዋን አወረደችና እማዬ ኋላ ዱብ አደረገችው።

«ከዘይነባ ቀጥሎ ነኝ!» አለች። እንደተሰደበ ሰው ተቆጥታ።

ሁለት ሴቶች ጥለው ወጡ። ሌሎቹ ተያዩና ቀሩ። ሰኞ ዕለት የእትዬ ስንዱን እንጀራ የማይበላ ማን አለ?

ቀትር ላይ ሊቀመንበሩ ብቅ አለ። ሰልፉን አይቶ ደረቱን ነፋ፤ ይህን የቀበሌውን ድል ለአውራጃው ሪፖርት እንደሚያደርግ ነገረን። ስለ ሐሙስ ትንፍሽ የለም። ይሁንለት። ማክሰኞ ባይመጣልን ኖሮ እማዬ ሰልፉ ውስጥም አትቆምም ነበር።

እማዬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ ገባች። ገንፎ በላን።

እትዬ ስንዱን እዚህ አላመሰግናትም። ተራ መጠበቅ ውለታ አይደለም። ደስ ግን ብሎኛል፣ ምን አስዋሸኝ። ሰኞ ሌላ ሴት ሌላ ነገር ታመጣ ይሆናል፤ አላውቅም።

ነገ ድንጋይዋን ልትወስድ ትመጣለች። በዚያው ጣሳ ውሃ እቀዳላታለሁ። ቅዳሜ ጾም የለም።