ማስቲሽን እስከ መጨረሻው ያልታረቁት ፍሬም ሠሪው አጎታችን

አጎታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው መስከረም 9 ቀን 1943 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ አባታቸው ዘንድ እንጨት ማለስለስ ያዙ። በ1964 ዓ.ም. ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ፍሬም ቤት ከፈቱ፤ ጭቅጭቁም የዚያኑ ዕለት ተከፈተ።

ታናሽየው የሥዕሉን ጀርባ ሙሉ ለሙሉ ማስቲሽ ቀብተው ካርቶን ላይ ይጫኑታል። አጎታችን ግን የስታርች ሙጫ አፍልተው፣ ሥዕሉን ከላይ በኩል ብቻ በሁለት ቀጫጭን ወረቀቶች ያንጠለጥሉታል። ወረቀት በእርጥበት ይዘረጋል፣ በፀሐይ ይሰበሰባል፤ ሙሉውን ከተለጠፈ ይጨማደዳል። ስታርች ደግሞ በውሃ ይላቀቃል። ሙጫው እስኪደርቅ ደንበኛው በር ላይ ይቁነጠነጣል።

“ጋሼ፣ ሰዉ እኮ የሚያሠራው ሊሰቅለው እንጂ ሊነቅለው አይደለም!” ይላሉ ታናሽየው።

“አንተ ልጅ፣ ያንተን ሥራ ስነቅል አይደል ዕድሜዬ ያለቀው?”

በ1971 ዓ.ም. ከመምህርት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው ሦስት ድስት በሙጫ ከተበላሸባቸው በኋላ ወጥ ቤቱን ቆልፈውባቸዋል።

እናታቸው በ1989 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ታናሽየው ያለቻቸውን አንዲት ፎቶግራፍ ለቀብሩ ለማድረስ በማስቲሽ ለጠፏት። በዓመቱ ፎቶግራፏ ውስጥ በእናታቸው ፊት ላይ ቢጫ አረፋ ወጣ። አጎታችን ሊያላቅቋት ሲሞክሩ ግንባራቸው ላይ ተቀደደች። እውነቱን ለመናገር፣ ታናሽየው በቀብሩ ዕለት ጊዜ አልነበራቸውም፤ አጎታችንም ይህን ያውቁ ነበር። ያም ሆኖ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ እየሠሩ የእናታቸውን ስም ሳያነሡ ዓመታት አለፉ።

አጎታችን በኩላሊት ሕመም ከተኙ በኋላ፣ ታናሽየው የአጎታችንን ፎቶግራፍ ይዘው ቢገቡ፣ “የኔንም በማስቲሽ ልትገትረው ነው?” አሏቸው። ታናሽየው ፎቶግራፏን ይዘው ወጡ። በማግሥቱ ያፈሉትን ስታርች በሳህን አመጡ።

አጎታችን በጣታቸው አሽተው፣ “ጓጉሏል፤ ድገመው” አሉ።

ሁለተኛው አረረ። ሦስተኛው ቀጠነ። አራተኛውን አሽተው ዝም አሉ፤ ከእሳቸው ዘንድ ምስጋና ማለት ይኸው ነበር። ከዚያም፣ “እማዬ እንኳ እንዲህ አላስለፋችህም” አሏቸው። የእናታቸው ስም በመካከላቸው ከተነሣ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተውልናል።

ከሬሳ ሣጥናቸው አጠገብ ያለችውን ፎቶግራፍ ታናሽየው በሁለት ወረቀት አንጠልጥለዋታል። ትንሽ ዘመም ብላለች። ግድ የለም፣ በውሃ ይላቀቃል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን፣ እሳቸው የሰውን ሥዕል ይይዙ እንደነበረው፣ ሳይጫን ይያዝልን።