ለመሣሪያ ብቻ የሚሸጥ ሲም

ጥር 16

«ውድ ደንበኛችን፦ ሲጠቀሙበት የነበረው የአጭር መልእክት ጥቅል ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። እርስዎን ለማስደሰት ወደ ‹አውሩ ተጫወቱ› የድምፅ ጥቅል አዛውረንዎታል። ቁጥሩ የእርስዎ መሆኑን በነፃ መስመራችን ደውለው፣ ሙሉ ስምዎን በድምፅዎ በመናገር ያረጋግጡ። እስከ የካቲት 15 በድምፅ ያልተረጋገጠ ቁጥር ይዘጋል።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። የደረሰው ለእትዬ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ታማ፣ ከዚያ ወዲህ ለማትሰማና ለማትናገር እህቴ… «አውሩ ተጫወቱ»! እርስዎን ለማስደሰት!

ከሥሩ የራሷን ጨምራ ልካልኛለች፦ «ዳኛው፣ ደስ ብሎኛል። ማንን ላውራ?»

ዳኛው የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ልጆች ሳለን ዳቦውን በማስመሪያ እየለካህ ነበር የምታካፍለን ትላለች። ውሸቷን ነው። በክር ነበር።

ሌላ ቀን ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። ግን እትዬ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ። ልብስ ሰፊ ናት። ስኳር አለባት። ጠዋት ስትነሣ አንድ ቃል ትልክልኛለች፦ «ነቃሁ»። በቃ። አምና አንድ ቀን ቀረ። ፊት ለፊቷ ላለው ባለሱቅ ደወልኩለት፤ በሩን ሰብሮ ገባ። ወለሉ ላይ ተዘርራ አገኛት። ሐኪሙ «ትንሽ ብትቆይ ኖሮ…» አለኝ። አልጨረሰውም።

ያ ቁጥር ነው የሚዘጋው።

ጥር 17

ደወልኩ። ሙዚቃ። ማስታወቂያ። እንደገና ሙዚቃ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ አነሣች።

«ደንበኛዋ ራሳቸው ይደውሉ ጌታዬ።»

«እህቴ አትሰማም እኮ ነው የምልሽ።»

«ገብቶኛል። በሚመቻቸው ሰዓት ይደውሉ።»

«ልጄ፣ ጆሮዋ በሰዓት አይደለም የሚሠራው።»

ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል። ከዚያ «ቅርንጫፍ በአካል ይምጡ» አለችኝ። እፎይ አልኩ። መጥታስ? «ስልኩን እንሰጣቸውና በድምፃቸው ያረጋግጣሉ።»

ይህን ያወጣ ሰው ደመወዝ ይበላል!

ባለቤቴ አጠገቤ ሆና ስትሰማ ነበር። «እሷን ሆኜ ልናገርላት? ስም መጥራት ምን ይከብዳል?»

«ያንቺ ድምፅ በእሷ ስም ሊቀመጥ? ነገ ስልኩ ቢጠፋባት የማንን ድምፅ ሊጠይቋት ነው?»

«እንግዲያው ጽድቅህን ታቅፈህ ተቀመጥ» ብላኝ ወጣች።

ተሳስታለች። ታዲያ ምሳዬን ለምን ሳልጨርስ ተነሣሁ?

ጥር 20

ከሥራ ስወጣ ሲም የሚሸጥበትን ሱቅ ሁሉ ዞርኩ። የምፈልገው ቀላል ነው። ብዙ ጽሑፍ፣ ጥቂት ዳታ፣ ልብስ ሰፊ የምትችለው ዋጋ። ዳታው ደንበኞቿ የቀሚስ ፎቶ እንዲልኩላት ነው እንጂ ሌላ ጣጣ የላትም።

ያገኘሁትስ? አንዱ ርካሽ ነው፤ ዳታው የሚሠራው ግን አገር ሲተኛ ነው። አንዱ «ገደብ የለሽ መልእክት» ይላል፤ ከሥሩ በጉንዳን ፊደል «ከጥሪ ጋር ሲገዛ»። ሌላው ዛሬ ተገዝቶ ነገ ይሞታል። በየቀኑ ልትገዛ?

አንዱ ሻጭ ደግሞ፦ «ጋሼ፣ ዛሬ ቴክስት የሚልክ ማን አለ? ባንክና የተኳረፈ ፍቅረኛ ብቻ እኮ ነው።»

ሳልወድ ሳቄ መጣ።

«ኢንተርኔት ላይ ይጻፉ፣ ዳታ ይግዙላቸው» አለኝ። አስቤበታለሁ። እትዬ ሰፈር ኢንተርኔት እንደ እንግዳ ነው፤ ደስ ሲለው ይመጣል። ቴክስት ግን በአንዲት ሰረዝ ኔትወርክም ይሄዳል። «ነቃሁ»ን ለእንግዳ አደራ አልሰጥም።

ጥር 23

«ነቃሁ» አልመጣም።

ጠበቅሁ። ካፖርቴን ለበስኩ። አወለቅሁ። ለባለሱቁ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ደወሉን ተጫንኩ፤ መብራት የለም እኮ!»

የእትዬ ደወል አይጮኽም፤ ውስጥ አምፖል ነው የሚያበራው። መብራት ከሌለ ደወል የለም።

«መስኮቱስ?»

«መጋረጃው ተዘግቷል።»

«በሩን ስበረው!»

«ጋሼ፣ አምናም እኔው ሰብሬ እኔው ነኝ ያሠራሁት…»

«ስበረው አልኩህ!»

መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል ዝግ ነው። ባትሪው አልቆ ይሆን? ለአለቃዬ እንኳ ሳልናገር ወደ አውቶቡስ ተራ ሮጥኩ። መንገዱን ሁሉ ምን ምን እንዳሰብኩ… አልጽፈውም።

ስደርስ በሩ ከነማጠፊያው ተገንጥሎ ግድግዳ ተደግፏል። እትዬ መስኮት ሥር ተቀምጣ በእጇ ቁልፍ ትተክላለች። ቀና ብላ አየችኝ። በሩን አሳየችኝ፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ኪሴን። ታሠራለህ ማለቷ ነው።

ስልኳን ሰጠችኝ። «ነቃሁ» ተጽፏል። ጎኑ ላይ ቀይ ምልክት… አልተላከም። አዲሱ ጥቅል ለወሩ የያዘላት አሥር መልእክት ብቻ ነበር። አልቋል። የጥሪው ደቂቃ ግን ሞልቶ ተትረፍርፏል።

ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። ባለሱቁ አይቶ እንዳላየ ሆነ። ጨዋ ሰው ነው።

ጥር 24

ሂሳብ ሞላሁላት። እያንዳንዷን መልእክት በነጠላ ዋጋ ይቆርጣሉ። ይሁን፣ ለጊዜው ነው። የካቲት 15 ግን ለጊዜው አይደለም።

ጥር 27

የውኃ ምርመራ ክፍላችን ሻይ ሰዓት ላይ ለፓምፕ ቴክኒሻኑ ብሶቴን ዘከዘክሁለት። ሳቀ። ልቆጣው ስል፦

«ጋሼ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ታንከር እኮ የውኃውን ከፍታ በየሰዓቱ በቴክስት ነው የሚልክልን። እሱም አያወራም!»

«በምን ሲም?»

«የመሣሪያ ሲም ይሉታል። ጽሑፍና ትንሽ ዳታ ብቻ ነው ያለው፣ ጥሪ የለውም። ዋጋውማ አይነሣ፣ ሳንቲም ነው።»

«የድምፅ ማረጋገጫስ?»

«ታንከር ስሙን ይጥራ እንዴ ጋሼ?»

ኩባንያው ያው የእትዬ ኩባንያ ነው። ሻዬን ትቼ ወደ ቅርንጫፉ ሄድኩ። አዎ፣ አለ። ቀድሞ የተያዘ ቁጥርንም ወደዚያ ያዛውራሉ።

«የእህቴን ቁጥር አዛውሩልኝ።»

«ለመሣሪያ ብቻ ነው ጌታዬ። ለሰው አይሸጥም።»

ለምን? «መመሪያ ነው።» መመሪያውን አሳየኝ። «የውስጥ ነው።»

እህቴ የሚያስፈልጋት ነገር ሁሉ ተሠርቶ ተቀምጧል። ለታንከር!

ጥር 28

ከእትዬ ጋር በቴክስት ስንከራከር ዋልን።

«ዳኛው፣ መሣሪያ ናት በላቸው።»

«አልልም።»

«እሺ፣ ሲሙ ለስፌት መኪናዬ ነው በላቸው።»

«የስፌት መኪናሽ መልእክት አትልክም እትዬ።»

«ከየካቲት 15 በኋላ እኔም አልልክም።»

ውሸት ነው ብል… ነው። እህቴን ዕቃ ብዬ በእጄ አልፈርምም ብል… ኋላስ? የሚወድቀው ማን ነው?

መልሴን ሳትጠብቅ፦ «መጣሁ። የምፈርመው እኔ ነኝ። አንተ ቆመህ ጣሪያ እይ።»

የካቲት 2

መጣች። ቅርንጫፉ ሄደን ቅጹን በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ ሞላች። «የመሣሪያው ዓይነት» ከሚለው ፊት ለፊት «የስፌት መኪና» ብላ ጻፈች። ሠራተኛው አነበበ። እሷን አየ፣ እኔን አየ። ለአንዲት ነጥብ ስሕተት የምርመራ ውጤት የምመልሰው ሰውዬ ጣሪያ አየሁ።

«የስፌት መኪናዋ… ምንድን ነው የምታስተላልፈው?»

እትዬ ስልኳ ላይ ጽፋ አዞረችለት። «መሥራቷን።»

ማኅተሙን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሣና መታ።

መንገድ ላይ ክንዴን ይዛ በሳቅ ትፈርሳለች። እኔ አልሳቅሁም። እናታችን ይህን ብታይ ምን ትል ነበር?

የካቲት 3

«ነቃሁ። መርፌ ቀይሩልኝ።»

የካቲት 9

ሳምንቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ደረሰ። እኔም ተመስገን ብዬ አፌን ያዝኩ። እኔ!

ትናንት ከእትዬ ፖስታ መጣልኝ። ለኩባንያው ኃላፊ የተጻፈ ደብዳቤ፣ በእጇ። ላዩ ላይ፦ «ሥርዓተ ነጥቡን አስተካክል። ቃል እንዳትነካ።»

አንብቤ ወዲያው ጻፍኩላት።

«እትዬ፣ ይህ ከደረሳቸው ቅጹ ላይ መዋሸትሽን በገዛ እጅሽ ሰጠሻቸው ማለት ነው። ነገውኑ ይዘጉታል። ይቅርብሽ፣ በእናትሽ።»

«ማን ነው የሚጽፍልኝ? ዳኛው የት ሄደ?»

«ዳኛው ፈርቷል።»

«እኔም ፈርቻለሁ። ግን መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት አብረውኝ የተማሩት ሁሉ ያ መልእክት ደርሷቸዋል። ሁሉም የስፌት መኪና የላቸውም።»

የምፈልገው ‹ይቅርብኝ› እንድትል ብቻ ነበር… ወይስ እንድታስገድደኝ?

ሁለት ነጠላ ሰረዝ ጨመርኩ። ሌላ አልነካሁም። ዛሬ ጠዋት ዋናው መሥሪያ ቤት ወስጄ መዝገብ ቤት አስገባሁ፤ ቅጂው ላይ ማኅተም እስኪያስመቱልኝ ድረስ ከመስኮቱ አልተነቃነቅሁም። የመጨረሻውን አንቀጽ እዚህ ላኑረው።

«በመዝገባችሁ ላይ የስፌት መኪና ነኝ። የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ሌላ በር ስላልተዋችሁልኝ ነው። እኔ ሰው ነኝ። ለታንከር የምትሸጡትን ሲም ለእኔና እንደ እኔ ላሉት በየስማችን ሽጡልን፤ እስከዚያ የማንኛችንንም ቁጥር አትዝጉ። ቀነ ገደባችሁ የካቲት 15 ስለሆነ መልሳችሁ እስከ የካቲት 14 በጽሑፍ ይድረሰኝ። ለወንድሜ አትደውሉ። ለእኔም አትደውሉ።»