የጓሮው ቤት በሮች

ውዴ ሰዒድ፣

አላህ ቀብርህን ኑር ያድርግልህ። ከተለየኸኝ ይኸው ክረምቱ ዞሮ መጣ። ሰፈራችንን ሆጤን ዛሬም ጉም ውጧታል፤ ልብስ አይደርቅም፣ ሰው ሰውን አይለይም።

የጀመርኸው የጓሮው ዕቃ ቤት አለቀ። ከሁሉ በፊት ልነግርህ የፈለግሁት ይህን ነው።

መንግሥት ተለውጦ ከጦሩ ከተመለስህ ወዲህ ያለችን አንዲት ክፍልና ያ ጓሮ ነበር። የድንች ዘሩም፣ አካፋውም፣ ዶማውም የሚያድረው አልጋችን ሥር ነው። አንድ ጧት ከአልጋ ስትወርድ ዶማውን ረግጠህ፣ እያነከስህ «ከእንግዲህ ወይ እሱ ይወጣል ወይ እኔ» አልህ። በሳቅ ፈረስን።

ከዚያ ከኮምቦልቻ ጣውላ ጭነህ መጣህ። ቋሚዎቹን ተከልህ፣ ግድግዳውን መታህ፣ ጣሪያውን ቆርቆሮ አለበስህ። ቀጥሎ ዓይንህ ቢጫ ሆነ። መሰላል መውጣት ሲያቅትህ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ሁለቱን የበር ሳንቃዎች ላግህ። «ይቅርብህ፣ ዕረፍ» ስልህ «በሩ ብቻ እኮ ነው የቀረው» ትለኛለህ። ሆስፒታል ገባህ፣ አልተመለስህም። ሳንቃዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ።

በለቅሶህ አባትህ አላነቡም። የመጣውን ሁሉ «የአላህ ውሳኔ ነው፣ ሶብር አድርጉ» እያሉ ሲያጽናኑ እንዴት ቻሉት እያልሁ እገረም ነበር። ዘንድሮ ዝናቡ ሳይጠና መዶሻቸውን ይዘው ከሐርቡ መጡ። አንዱን ሳንቃ አንስተው ማጠፊያውን ሊመቱ ሲሉ ቆም አሉና «ልጄ፣ ወደ ውጭ ነው ወደ ውስጥ የሚከፈተው? ምን ብሎሽ ነበር?» አሉኝ።

አላወቅሁም። ሰዒዴ፣ ጠይቄህ አላውቅም። ይህን ያህል ትንሽ ነገር፣ አሁን ግን በምድር ላይ የሚያውቀው የለም። «አልነገረኝም፣ አባዬ» ስላቸው መዶሻው ከእጃቸው ወደቀ። ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ የምቃጠለው ብቻዬን ይመስለኝ ነበር።

ውስጡ ጠባብ ነውና ወደ ውጭ እንዲከፈቱ አደረግናቸው። አንደኛው በር ትንሽ ያዘነብላል፤ ብታየው ነቅለህ እንደገና ትሠራው ነበር። ዕቃው ሁሉ ገባ። ቤት ስጠርግ መጥረጊያው አልጋው ሥር ምንም አይነካም፤ የምሰበረው ያኔ ነው።

አባትህ አሁን ከጁምዓ ሶላት በኋላ ብቅ ይላሉ። ጓሮ ተቀምጠን፣ ልጅ ሳለህ ቦርከና ስትዋኝ ፍየል ሸሚዝህን እንደበላችብህ ይነግሩኛል። እኔ ደግሞ ስትቆጣ ጆሮህ እንዴት ይቀላ እንደነበር፣ ስታፍር በምን ሰበብ ከቤት ትወጣ እንደነበር አጫውታቸዋለሁ። ልጅነትህን እሳቸው፣ ባልነትህን እኔ ይዘናል። አላህ እስኪያገናኘን ድረስ ከሁለታችን አፍ አትጠፋም።

ያንተዋ ዘይነባ