መሳያውን እንዳትነኪው

እህቴ፣
የቢላ መሳያ ማሽኔን አደራ እንዳትነኪው። ከእንጨት የሠራሁት መዘውር ተሰንጥቋል፤ ከተነሳ ይበታተናል። አሁን ስስል የብርጭቆ ወረቀቱ ቺንጋ ተበጥሶ ፊቴን ገረፈኝ። ቀኝ ዓይኔ አያይም። ጎረቤታችን ሾፌሩ ዋናው መንገድ ላይ ወዳለው ሐኪም ቤት እየወሰደኝ ነው፤ ውጭ ክላክስ ያደርጋል።

ለዚህ መሳያ ብዬ የልብስ ማጠቢያሽን ሞተር ስፈታው፣ "ደህና ማሽን አትገዛም?" ብለሽ ጮህሽብኝ።
በምን አቅሜ? እሱን እንኳ ብትረጂልኝ።

ተስለው ያለቁት ቢላዎች አልጋዬ ሥር ናቸው፤ ለሆቴሉ ወጥ ቤት ስጪልኝ። ስለ ዓይኔ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ሁለተኛ ሥራ አይሰጡኝም።

ደሙን የቻልኩትን ያህል ጠርጌዋለሁ።

እማዬ ከደወለች፣ ሥራ ላይ ነው በያት።
አንቺ ግን ነይልኝ። ኩርፊያችንን ለነገ አቆይተሽ ነይ፤ ብቻዬን ፈራሁ።